ባሌስትራ ይጨመርበት

ሱማሌ ተራ ለመኪና ዕቃ የሚወርድ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ፤ እዚያ ቀላል ዕቃ አይሸጥም። ባሌስትራው የከባድ ነው፣ ታይሮዱ የከባድ ነው፣ ቦል ጆይንቱ የከባድ ነው፤ አውራ ጣት የማታህል ጎሚኒ እንኳን «ይቺ ለጭነት የተሠራች ናት» ተብላ ነው የምትሸጠው። ለዚህ ሁሉ ክብደት ማረጋገጫው የገዢው ክንድ ነው። ባለሱቁ ዕቃውን እጅዎ ላይ ያኖርና «እስቲ ይመዝኑት፣ ጋሼ» ይላል። እርስዎም ዶሮ ገበያ እንደወጣች ባልቴት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ቅንድብዎን ሰብሰብ አድርገው፣ «እውነትም ከበድ ይላል» ይላሉ። ከምን ጋር ተነጻጽሮ? እሱን የሚጠይቅ የለም። ጠያቂ ቢገኝማ የሰፈሩ ግማሽ ሱቅ ገና በጠዋቱ ይዘጋ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የእህቴ ባል ነው። ጡረታ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ቤት ከመዋል ብሎ አሮጌ ሃያስ ሚኒባስ ገዛ፤ ሚኒባሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ እንዲውል አደረገችው። ብቻውን መዋሉ ስለሚያስፈራው እኔን ይጠራል። እኔም ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራ የሌለው ሰው ለመምሰል ከዚህ የተሻለ ሙያ የለም።

ሃያስ እንግዳ መኪና አይደለችም። ቶዮታ የመጀመሪያዋን ያወጣት በ1967 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በ1977፣ በ1982፣ በ1989፣ በ2004 እና በ2019 አዳዲስ ትውልዶች ተከታትለዋል። የአዲስ አበባ ሰው ዶልፊን፣ አባዱላ እያለ ስም እያወጣላቸው ብዙዎቹን አሳልፏል። የኛይቱ በ1982 የወጣው ትውልድ ናት። ሊብሬዋ ላይ የተጻፈው ዘመንና በሯ ሲዘጋ የምታሰማው ድምፅ በአንድ ችሎት ቢቀርቡ እርስ በርስ የሚቃረን ምስክርነት ይሰጡ ነበር። አሠራሯ ግን ቀና ነው፦ ሞተሯ ከፊት መቀመጫ ሥር ነው፤ ከፊት በቶርሽን ባር፣ ከኋላ ተደራርበው በታሰሩ ብረቶች፣ በባሌስትራ፣ ትቆማለች። ይህን ያስታውሱልኝ፤ ሾፌሩና ጋቢና ያሉት ሰዎች የተቀመጡት ከሞላ ጎደል የፊት ጎማው ራስ ላይ ነው።

ክሱ የቀረበው በኋላዋ ላይ ነው። ጠዋት ከሳሪስ ሰው ሞልታ ስትመጣ አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ኋላዋ ግን አስፋልቱን ሊልስ ምንም አይቀረው። ረዳቱ (ወያላ ሲሉት ይቆጣል) ገና ችግሩ ተነግሮ ሳያልቅ ፍርዱን ሰጠ፦ «ባሌስትራ ይጨመርበት!»

በዚህች ከተማ ለመኪና ሕመም ሁሉ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት ቢኖር ይኸው ነው። ኋላዋ ተቀመጠ? ባሌስትራ ይጨመር። ትወዛወዛለች? ባሌስትራ። ትርፍ ልንጭን ነው? እሱማ ሁለት ባሌስትራ። የድሮ የአውቶቡስ ሾፌሮች እንዳጫወቱኝ ከሆነ፣ ለትዳር ችግርም ሳይሞከር የቀረው ዩቦልት የሚታሰርበት ቦታ ስላልተገኘ ነው።

ታዲያ የከባዱ ባሌስትራ የትኛው ነው? ሱቁ ውስጥ ሦስት ጥቅል ብረት መሬት ላይ ተጋድሟል። ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው። የእህቴ ባል በጣቱ መቁጠር ጀመረ፦ «ይሄኛው አምስት ፍሬ ነው፣ ያኛው አራት። አምስቱ ይበልጣል።» ባለሱቁም እግዜር ይስጠውና አልተቃወመም፤ አምስቱ ዋጋውም ይበልጥ ነበር።

አብሮን የመጣው ሽማግሌ መካኒክ ግን ዝም ብሎ ከኪሱ ካሊፐር አወጣ። ይህ ሰው ብዙ አይናገርም፤ ሲናገርም ለብረቱ እንጂ ለሰው አይደለም። የሽቦ ብሩሽ ተቀብሎ ከእያንዳንዱ ብረት ጫፍ ላይ ዝገቱን ፋቀ። ዝገት ራሱ ውፍረት ይጨምራል፤ ያልተፋቀ ባሌስትራ የለካ ሰው ዝገት ገዝቶ ይሄዳል። ባለአምስቱ ጥቅል እያንዳንዱ ፍሬ 6 ሚሊ ሜትር ሆነ። ባለአራቱ 7። «አራቱ ይበልጣል» አለ።

ረዳቱ ሳቀ፤ አንዲት ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች? ሂሳቡ ግን ከረዳቱ ጋር አይደለም። የባሌስትራ ጥንካሬ በፍሬው ብዛትና በስፋቱ ልክ ነው የሚያድገው፤ በውፍረቱ ግን በሦስተኛ ደረጃ ይባዛል። ውፍረቱን እጥፍ ቢያደርጉት ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ6 ወደ 7 ሚሊ ሜትር ሲሄድ እያንዳንዱ ፍሬ 60 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ስለዚህ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ከሆነ አራቱ ወፍራሞች ስድስት ቀጫጭን ብረቶችን ያስከነዳሉ። ይህቺን ልዩነት ዓይን አያያትም፣ ክንድም አይመዝናትም። ይባስ ብሎ ከመሐሉ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ የባሌስትራ ዓይነት አለ፤ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ብቻ ሆኖ የብዙውን ሥራ ይሠራል። ቆጣሪ ሰው እሱን ሲያይ «ጎድሎ ነው የመጣው» ብሎ ይመልሰዋል።

ሽማግሌው ከዚያ ተንበርክኮ ባለአራቱን ጥቅል ከታች አየ። ከአራቱ ሥር ለብቻዋ ያለችው የመጨረሻዋ ብረት ከሌሎቹ ትወፍራለች፤ እንደነሱም አልጎበጠችም፣ ቀጥ ብላ ተኝታለች፤ ከላይኞቹ ጋርም ጫፍ ለጫፍ አትነካካም። «እቺ ረዳት ናት» አለ። የሰው ረዳታችን ስሙ የተጠራ መስሎት ቀና አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መኪናዋ ባዶ ስትሆን ያቺ ብረት ሥራ የላትም፤ ጭነት ሲመጣ የላይኞቹ ይዘረጉና እላይዋ ላይ ያርፋሉ፤ ያኔ ትቀበላቸዋለች። እቺ ያለችበት ጥቅል ለዕቃ መጫኛ ቫን የተሠራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ለሰው መጓጓዣ የተሠራው ለስለስ ይላል። እኛ አገር ለዕቃ የተሠራውን ገዝተን መስኮትና ወንበር እንገጥምበታለን፤ ከዚያ ተሳፋሪው ጉድጓድ ላይ ሲዘል «ምን ዓይነት ሾፌር ነው!» ይላል። ሾፌሩ ምን ያድርግ፤ ባሌስትራው ድንች የሚጠብቅ ነበር።

ለነገሩ ከዚህም የባሰ ተቀምጠናል። በውይይት ታክሲ ዘመን፣ ሸራ በለበሰ ፒካፕ ላይ ፊት ለፊት ተፋጠን፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን ስንሄድ የባሌስትራውን ጥንካሬ ያለ ካሊፐር የሚናገረው የታችኛው ወገባችን ነበር።

ከሦስቱ ጥቅሎች አንዱ በጣም አዲስ ይመስላል። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ጉብታውም ልክ ነው። ሽማግሌው ጥፍሩን ቀለሙ ላይ ፋቅ አደረገና ብረቱ ላይ የመዶሻ ጠባሳ አሳየን። ያለቀ ባሌስትራ በእሳት አግለው፣ ቀጥቅጠው፣ ጉብታውን መልሰው ይቀቡታል። ለጥቂት ጊዜ መኪናዋን ቀና ያደርጋታል፤ የባሌስትራ ብረት ግን ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ግሎ፣ በልክ ቀዝቅዞ ነው፤ በሰፈር እሳት አንዴ ከለሰለሰ መልሶ ይተኛል። እንዲህ ያለው ብረት ደህና ዕጣ ፈንታው ምናለሽ ተራ ነው፤ ቢላ ይሆናል፣ መጥረቢያ ይሆናል፣ ገጠር ወርዶም ማረሻ ይሆናል። ሚኒባስ ሥር ሆኖ አሥራ ምናምን ሰው ከሚሸከም በሬ ኋላ ሆኖ ጤፍ ቢያመርት ለአገርም ይጠቅማል።

ባለሱቁ በዚህ ጊዜ ክብሩ ተነካ። ወደ ውስጥ ገብቶ ካርቶን ይዞ መጣ፤ «ይኸው ቁጥሩ! ቁጥር አይዋሽም!» እውነት ነው፣ የቶዮታ ቁጥር አይዋሽም፤ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ሙሉ ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፦ 48210 የኋላ ባሌስትራ ነው፣ 45046 የታይሮድ ጫፍ ነው፣ 43330 የታችኛው ቦል ጆይንት። ከሰረዟ በኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናዋን ቤተሰብ ይጠቁማሉ፦ 26 ከሆነ ሃያስ፣ 35 ከሆነ ሃይሉክስ፣ 60 ከሆነ ላንድክሩዘር። የቀሩት የትኛው ሃያስ እንደሆነ ይለያሉ። እሱም ቢሆን ከመኪናዋ የሻንሲ ሰሌዳ ጋር መመሳከር አለበት፤ ኤልኤች ብሎ የሚጀምረው ናፍጣ ነው፣ አርዜድኤች ደግሞ ቤንዚን፤ ተከትሎ የሚመጣው ቁጥርና የፊደል ጅራት ረጅም ይሁን አጭር፣ የዕቃ ይሁን የሰው ይለያል። ችግሩ ቁጥሩ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው። ካርቶን ደግሞ ባዶውን ይሸጣል። ካርቶኑ የሃያስ ሆኖ በውስጡ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ልጅ ሲወጣ ባለሱቁ ራሱ ከእኛ እኩል ደነገጠ፤ ወይም ድንጋጤውን ለምዶታል።

የኋላው በዚህ ተዘጋ፤ ባለ 7 ሚሊ ሜትሩ ተገዛ። የእህቴ ባል ሂሳብ ከፍሎ ሊወጣ ሲል ሽማግሌው ከቦታው አልነቃነቅም አለ። «ፊቱስ?» አለ።

«ፊቷማ ደህና ናት።»

«ሞተሩ ላይ ስንት ሰው ታስቀምጣላችሁ?»

ረዳቱ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሞተሩ ክዳን ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው የሚቀመጡት አሉ፤ ሥራ ሰዓት ላይ ቂጣቸው እየጋለ ለአገር የሚሠዉ። ወንበር ስለሌላቸው ሊብሬ ላይ አልተመዘገቡም፤ ክብደታቸው ግን ተመዝግቧል፤ ያረፈው የፊት ጎማው ላይ ነው። እንግዲህ ኋላውን ለትርፍ ሰው አጠንክረን፣ ትርፉን ሰው ፊት እናስቀምጣለን። የእኛ የመኪና ምሕንድስና ይኸው ነው፤ የሚጠነክረው ሌላ፣ የሚሸከመው ሌላ።

የፊቱ ቶርሽን ባር ለማያውቅ ሰው ተራ ዘንግ ነው። ከጎማው ክንድ ተነስቶ በሻንሲው ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጎማው ሲነሳ ይጠመዘዛል፣ ሲለቀቅ ይመልሳል። ጥቅልል የለው፣ ጉብታ የለው። ከባዱን ከቀላሉ የሚለየው የዘንጉ ውፍረት ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ውፍረቱ በአራተኛ ደረጃ ነው የሚባዛው። 20 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ22 ቢቀይሩት፣ ርዝመቱ አንድ ከሆነ፣ 46 በመቶ ይጠነክራል። ሁለት ሚሊ ሜትር! በጣት ጨብጦ «ይሄ ወፈር ይላል» የሚል ሰው ካለ ጣቱ ይመርመርለት። ግራና ቀኝም አለው። ሲሠራ ወደሚሠራበት አቅጣጫ አስቀድሞ ተጠምዝዞ ስለሚዘጋጅ የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ቢገባ ቀን ቆጥሮ ይደክማል፤ ጫፉ ላይ ምልክት የሚደረግበትም ለዚህ ነው። ምልክቱን ግሪስና ጭቃ ስለሚሸፍነው መጥረጊያ ጨርቅ ከካሊፐር ቀጥሎ ዋናው መሣሪያ ነው።

ቶርሽን ባር ኋለኛ ጫፉ ላይ ማስተካከያ ብሎን አለው። ብዙ ጋራዥ ይቺን ብሎን ያጠብቅና «አጠንክሬልዎታለሁ» ብሎ ያስከፍላል። ብሎኗ መኪናዋን ከፍ ታደርጋለች እንጂ ዘንጉን አታጠነክርም፤ ዘንጉ ያው ዘንግ ነው፣ ከሌላ ቦታ መጠምዘዝ ጀመረ እንጂ። ሽማግሌው ይህን ሲያስረዳን የእህቴ ባል ፊቱ ጠቆረ፤ ባለፈው ሌላ ጋራዥ «ለማጠንከር» የከፈለው ትዝ አለው።

ቀጥሎ ወደ መሪው ተሸጋገርን። ታይሮድ የሚባለው የፊት ጎማዎቹን የሚያዞር ዘንግ ነው፤ ጫፎቹ ላይ ኳስ ያላቸው መገጣጠሚያዎች አሉ። አንደኛው ጫፍ ጥርሱ ቀኝ ዞሮ፣ ሌላኛው ግራ ዞሮ የተሠራ ነው፤ መሐሉን ሲያዞሩት ሁለቱም አንድ ላይ እንዲረዝሙ ወይም እንዲያጥሩ። ይህን የማያውቅ ገዢ ሁለት ቀኝ ገዝቶ ይሄድና ማታ ላይ ዳዶውን እየረገመ ይመለሳል። ኳሱ ላይ የተተከለው ጣት ደግሞ ወደ ጫፉ የሚሾል ነው፤ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ነክሶ ይይዛል። የከባዱ ጣት ወፈር ይላል፤ ሹለቱም ከቀላሉ ሊለይ ይችላል። የማይገባ ቢሆን ጥሩ ነበር። ክፋቱ ይገባል፤ ዳዶውም ይጠብቃል፤ አሽከርካሪውም ይሄዳል።

ሽማግሌው ያደረገውን ላሳያችሁ። አዲሱን የታይሮድ ጫፍ ይዞ ጥቀርሻ ከትንሽ ዘይት ጋር በጣቱ አሸ። ሾጣጣውን ጣት ዙሪያውን በስሱ ቀባው፤ ስሱ ማለቴ ብረቱ ከሥር እስኪታይ። ከዚያ ቀዳዳው ውስጥ ከተተው፣ በመዳፉ አንዴ መታ አደረገው፣ ትንሽ አዞረውና አወጣው። ጥቀርሻው የተጠረገው ከላይ ብቻ ነበር፤ የቀለበት ያህል ጠባብ ዙሪያ። ሌላው ሁሉ እንደተቀባ ቁጭ ብሏል። ይህ ማለት ጣቱ የያዘው በአንዲት ክር መሳይ መስመር ነው። ሌላ ጫፍ አመጡ፤ ያንኑ አደረገ፤ አሁን ጥቀርሻው ከላይ እስከ ታች ተጠርጎ ወጣ። «ይሄ ነው» አለ። ባለሱቁ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ «ምንም ልዩነት የላቸውም እኮ!» አለ፤ ልክ ነበር፣ በዓይን የላቸውም።

አውሮፓ ውስጥ ይህንኑ ጨዋታ ለመዝናናት የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። የቮልስዋገን ኮምቢ ወዳጆች፣ ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራችውንና በ1967 የተቀየረችውን ለመለየት ከሥሯ ይጋደማሉ፤ የቀድሞዋ የፊት ጎማ በኪንግፒን ይዞር ነበር፣ ተከታይዋ ወደ ቦል ጆይንት ዞረች። የቀድሞዋ የኋላ ጎማዎቿ ላይ የማርሽ ሳጥን ነበራት፤ የጦርነት ዘመኗ ወታደራዊ መኪና የኩቤልቫገን ውርስ። እነሱ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየጠጡ ይለያሉ፤ እኛ ሰኞ ጠዋት ሳሪስ ላይ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀን እንለያለን። እኔ የእኛን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ታዳሚ አለን።

ጋራዥ ገብተን ዕቃው ሁሉ ተገጠመ። አሁን ኋላዋ ቀና ብሏል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ። የእህቴ ባል ደስ አለው፣ ሽማግሌው አልደነቀውም። ኋላ ሲነሳ መብራቱ ከሩቅ መንገድ ይልቅ የፊት መከላከያውን ጥላ ያበራል። የፊት ጎማው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ የሚቆምበት ልክም ይቀንሳል፤ መሪውን ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ቀና የሚያደርገው ያ ዝንባሌ ነው፤ ሲቀንስ መሪው ይቀላል፣ መኪናዋም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትንከራተታለች። ከሁሉ ያሳሰበው ግን ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘች ትንሽ የፍሬን ቫልቭ ናት። ሥራዋ ጭነት መገመት ነው፤ ኋላ ዝቅ ሲል «ጭነት አለ» ትልና ለኋላ ፍሬን ትለቃለች፣ ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ትልና ትቆጥባለች። ባሌስትራ ጨምረው ኋላዋን ሲያነሱት ሚስኪኗ ቫልቭ ሃያ ሰው ተጭኖም ባዶ ነው ብላ ታምናለች። ከተሳፋሪው ሁሉ የዋህ እሷ ናት። ስለዚህ ዘንጓ እንደገና በልክ መስተካከል አለባት፤ ልኩን ለማየት ደግሞ መኪናዋ ጭነት ትፈልጋለች።

ጭነት ከየት ይምጣ? ረዳቱ ከጋራዡ በር ወጥቶ እንደለመደው ጮኸ፤ መንገድ ዳር ሥራ ፈተው የቆሙ ልጆች ግር ብለው ገቡ። ሽማግሌው ከሥር ተጋድሞ፣ የእጅ መብራት ረዳቷ ብረት ላይ አብርቶ፣ አንድ በአንድ አስቀመጣቸው። «አንድ ጨምር… ቆይ… አንድ ጨምር።» ስምንተኛው ልጅ ሲቀመጥ የላይኞቹ ባሌስትራዎች ጫፍ ወርዶ ያቺን ቀጥ ያለች ብረት ነካ። «አሁን ገባች!» ብሎ ከሥር ጮኸ፤ በሕይወቱ ለሰው የተናገረው ረጅሙ ንግግር ሳይሆን አይቀርም። ቫልቯን አስተካክሎ፣ ብሎኗን አጥብቆ፣ አቧራውን አራግፎ ወጣ። የእህቴ ባል «በሉ ልጆች፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ውረዱ» አለ።

ልጆቹ አልወረዱም። «የተቀመጥንበትስ?» አለ ሞተሩ ላይ ያለው።

«ታክሲ ላይ ተቀምጦ ገንዘብ የሚቀበል የት አገር ታይቷል?» አለ ረዳቱ።

«የሠራነው እኛ ነን» አለ ሌላው፤ «ያለ እኛ ትገባ ነበር?»

ክርክሩ ከባሌስትራው ግዢ የበለጠ ረዘመ። ሽማግሌው ዳኛ ሲሆን ለልጆቹ ፈረደ፤ ሥራ ሠርተዋል አለ። የእህቴ ባል ኪሱን ዳበሰ፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሱማሌ ተራ ጨርሶታል። በመጨረሻ ሞተሩ ላይ ያለው ልጅ ራሱ መፍትሔ አመጣ፦ «እሺ ብሩ ይቅር፤ መገናኛ አድርሱን።» ረዳቱ በልማድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «መገናኛ፣ የሞላ!» ብሎ ተጣራ፤ መንገድ ላይ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሮጠው መጥተው ገቡ። ከእነሱ ሒሳብ ተቀበለ።